ሰባት ቡሽ

ባሌ ፒካፑ አረጀ ይላል። አላረጀም። ነዳጅ መስጫው ስር ሰባት ቡሽ አለ። የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ፣ ባሌ ያደርሳል። መስታወት ተደራርቦ ሲጫን እንዳይፋጭ በየመሃሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን ቡሽ ይለጠፋል። ከአዝራር አይወፍርም፣ አንድ ጎኑ ይጣበቃል። ሱቄ ውስጥ ሞልቷል። ከጫማ ስር ይወጣል፣ ከፀጉሬ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ውስጥ ወጥቷል።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ረዳት መስታወት ሲሰብርበት አይጮህም ነበር። አንድ ቡሽ ያነሳና ልጁ በየቀኑ የሚነካው ነገር ላይ ይለጥፍበታል። ኮቱን የሚሰቅልበት ሚስማር ላይ፣ የመቁረጫው እጀታ ላይ። «ቁጣ ይረሳል፣ ቡሽ አይረሳም» ይል ነበር። በአስራ ስድስት ዓመቴ የሻይ ብርጭቆዬ ላይ አራት ቡሽ ነበረ። የምጠጣበት ቦታ ፈልጌ ነበር የምጠጣው።

ባሌ የመጀመሪያውን መስታወት ጉድጓድ ላይ ዘሎ ሲሰብርብኝ ቡሹን የት ልለጥፍበት ብዬ አሰብኩ። ባሌ የሚያየው ነገር የለም። ሲነዳ መንገዱንም አያየውም። የሚነካው ግን አለ። ነዳጅ መስጫውን።

ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ፔዳሉ ከሚያርፍበት ወለል ላይ ለጠፍኩ፣ ምንጣፉን መለስኩ። ፔዳሉ ወለሉን ሳያገኝ ቡሹን ያገኛል። ትንሽ ቀነሰ። አላወቀም።

ሁለተኛ ሰበረ። ሁለተኛ ደረብኩ። በዓመት ውስጥ ሰባት ደረሰ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል። መስታወት እግር የለውም፤ ያለው የባሌ እግር ነው። እሱን ነው ያረምኩት። ከሰባተኛው በኋላ አምስት ወር ሙሉ አንድም አልተሰበረም።

እኔ ወፈርኩ። ባሌ ከሳ። ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን እንደታመመ ልጅ ያየዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ዝም ብዬ እኖር ነበር። የትምህርት ቤቱ ሥራ ባይመጣ።

ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ነው። ሃያ አራት መስኮት። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፣ መስኮቶቹ ደግሞ በፕላስቲክ ተሸፍነዋል። ማክሰኞ ሃያ አራቱንም ጭነን ወጣን። ግማሽ ዳገት ላይ ፒካፑ ቆመ። ባሌ ይረግጣል፣ መኪናው ያቃስታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በእግሯ አለፈችን። ሰላምም አለችን። ወደ ኋላ ተንሸራተን፣ ዞረን፣ መስታወቱን ይዘን ወደ ሱቅ ተመለስን።

ማታውን ቡሾቹን ላነሳ ነበር። ዋርሳዬ ቀደመኝ።

ዋርሳዬ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። እሱም ፒካፕ አለው፣ ያልተቀየረለት የመኪናው ቀለም ብቻ ነው። ሲያስነሳው ሱቄ ውስጥ መስታወቱ ይንጫጫል። ስልኩን ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ።

«ውረድ» አልኩት።

ወረደ። «ወንድሜ፣ ይሄ መኪና መተንፈስ አቅቶታል። መጀመሪያ ፊልትሮ፣ አየር በደንብ እንዲያስገባ። ከዚያ ሰፊ ማርሚታ፣ ያስገባውን እንዲያስወጣ። ከዚያ ኢንተርኩለር፣ አየሩን የሚያቀዘቅዝለት። ከዚያ ትልቅ ቱርቦ፣ አየሩን በኃይል የሚገፋለት። መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩ ይስተካከላል። ቱኒንግ።»

«መኪና ነው የምትሠሩት ሳንባ?» አልኩ።

«እትዬ፣ አንቺ መስታወትሽን ቁረጪ።»

«ቱርቦው ከየት ይመጣል?» አለ ባሌ። ዓይኑ በርቷል።

«አንድ ሸራ ሰፊ አውቃለሁ። የተጋጨ ፒካፕ አለው፣ ቱርቦውና ኢንተርኩለሩ ግን አልተነኩም። አይሸጥም። በጠረጴዛ ነው የሚለውጠው። ሸራ የሚቆርጥበት፣ ረጅም፣ ልሙጥ...»

ሁለቱም ዞረው ጠረጴዛዬን አዩ።

የአባቴ ጠረጴዛ ነው። ከሦስት ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ላዩ ወፍራም ምንጣፍ ለብሷል፣ እንደ ኩሬ ውሃ የተስተካከለ ነው። ጠርዙ ላይ አባቴ በቢላ የጫረው መለኪያ አለ። ትልቅ መስታወት ያለሱ አይቆረጥም። ትንሽ ያዘነበለ ጠረጴዛ ላይ መስታወት የሚሰበረው በፈለገበት እንጂ በፈለግሽበት አይደለም።

ደሜ ፈላ። «አዎ ውሰዱት! ጠረጴዛውንም ውሰዱ፣ እኔንም ከላዩ ጫኑኝ!»

ሽሙጥ ነበር። ባሌ ሽሙጥ አይገባውም። አስራ አንድ ዓመት ሞክሬያለሁ።

«እውነትሽን ነው?» አለ። እንባ አቀረረ። «ለኔ ብለሽ?»

ዋርሳዬ ደውሎ ጨርሷል። «ቅዳሜ ጠዋት ሰው ይዞ ይመጣል።»

«ቀልዴን ነው!»

«እትዬ፣ ቃል ቃል ነው። ሰውየው ቱርቦውን መፍታት ጀምሯል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መናገር እችል ነበር። ሰባት ቡሽ ነው፣ ገልጣችሁ እዩ ማለት። ብናገር ግን ዋርሳዬ በየሠርጉና በየልቅሶው ሲያወራው ይኖራል። ባሌም እንደ ድሮው መብረር ይጀምራል። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ቡሾቹን ቀስ በቀስ አነሳለሁ፣ መኪናው ቀስ በቀስ ይድናል፣ ቱርቦው ይቀራል። ዕቅዴ ይሄ ነበር።

ረቡዕ ባሌ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ ዋለ። እጁን ሊታጠብ ሲገባ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ሁለት ቡሽ ላጥኩ፣ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። መኪናውን ይዞ ሰፈሩን ዞረና እየሮጠ ገባ።

«አየሽ? አየሽ? አቧራ ስላራገፍኩለት ብቻ ነው እንዲህ የሆነው! ቱርቦ ሲገባለት አስቢው!»

ወጥመዱ ያኔ ገባኝ። ቡሹን ብተወው መኪናው ደከመ ብሎ ጠረጴዛዬን ይሰጣል። ባነሳው መኪናው ተሻለው፣ የበለጠ ይሻለዋል ብሎ ጠረጴዛዬን ይሰጣል። ጉድጓዱን በእጄ ነው የቆፈርኩት።

አርብ ጋራዥ ሄድን። ቱርቦው ከመግባቱ በፊት ኮምፒዩተሩ ይታይ ተብሎ። ዋርሳዬም ተከተለን።

መካኒኩን ጆሮ ይሉታል። ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ያዳምጣል። ሽማግሌ ነው። አሁን ላፕቶፕም ገዝቷል፣ ግን አያምነውም፤ መጀመሪያ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይሰካል። የጋራዡን መስኮት አምና ያስገባሁለት እኔ ነኝ። መስታወቱ ጥግ ላይ የቀሩትን ቡሾች አላነሳቸውም። ያምራሉ ይላል።

አዳመጠ። «ሞተሩ ምንም የለበትም» አለ። ላፕቶፑን ሰካ። «ግባና እስከ መጨረሻው እርገጥ።»

ባሌ ገባ። «ረገጥኩ።»

«እርገጥ አልኩህ።»

«ወለሉ ላይ ነኝ እኮ ጋሼ!»

ጆሮ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ሰባ ሁለት በመቶ ነው የረገጥከው ይላል።»

«ኮምፒዩተሩ ተበላሽቷላ!» አለ ዋርሳዬ። «እሱም ይቀየር!»

ጆሮ ባሌን አስወረደው፣ ጎንበስ አለ፣ ምንጣፉን በሁለት ጣቱ ገለጥ አደረገ። ቡሾቹን በጣቱ ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

ምንጣፉን መለሰው። «እናንተ ልጆች፣ ከጎሚስታው ኮምፕሬሰር አምጡልኝ። ከባድ ነው፣ ሁለታችሁም ሂዱ።»

ሄዱ።

«ልጄ» አለ።

«አቤት ጋሼ።»

«ስንት ነበር?»

«ሰባት። ሁለቱን አንስቻለሁ።»

«ምን አጥፍቶ ነው?»

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት። የተሰበሩትን፣ ዳገቱን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ጠረጴዛውን፣ ምላሴን። ሳቁ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ጎማ ላይ ተቀምጦ ጨረሰ።

«ያንሱልኝና ቱኒንግ ነው ይበሉት» አልኩ።

«አልዋሽም። በዚህ ዕድሜዬ ብጀምር አያምርብኝም።»

«እሺ ምን ይሻለኛል?»

«ቡሹ ከተነሳ መስታወትሽን ይጨርሰዋል።»

«እሱ ነዋ ጭንቀቴ።»

አገጩን አከከ። «የዚህ መኪና ፔዳል በሽቦ አይደለም ሞተሩን የሚያዘው። እግሩ ለኮምፒዩተሩ ይነግራል፣ ኮምፒዩተሩ ለሞተሩ ይነግራል። ወሬውን እንዴት እንደሚያቀብል ደግሞ እኔ ልጽፍለት እችላለሁ። ሲነሳ ቀስ ይበል። እግሩ ቢያብድ እንኳ መኪናው አይደንግጥ። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ አጥብቆ ሲረግጥ ግን ያለውን ሁሉ ይስጥ።»

«ይሄ ቱኒንግ ይባላል?»

«ቱኒንግ ይሄ ነው። ሌላው ጩኸት ነው። ጉልበት ከመጨመርህ በፊት ለምን እንደምትፈልገው ጠይቅ ብዬ ስንቱን ለመንኩት፤ የሚሰማ የለም። ያንን የባልሽን ወንድም አየሽው? መኪናው ውስጥ የምትጫነዋ ሽንኩርት እንኳ ታለቅሳለች።»

ወዲያው ሥራ ጀመረ። አምስቱን ቡሽ አንድ በአንድ ልጦ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከሁለቱ ጋር የሽርጤ ኪስ ውስጥ ገቡ።

«የድካምዎን ምን ላድርግልዎ?»

«የሽንት ቤቴ መስኮት ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ። የሚያልፈው ሁሉ እንዴት አደሩ ይለኛል።»

«ማክሰኞ ይገባል።»

ወንድማማቾቹ ላብ በላብ ሆነው ኮምፕሬሰሩን እየገፉ መጡ። ጆሮ ላፕቶፑን ዘጋ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ታፍኖ ነበር፣ ከፈትኩት። ቱኒንግም አድርጌለታለሁ። ትልቅ ቱርቦ ብትጨምርበት ፍሪሲዮኑ አይችለውም። አልመክርህም።» አንድም ውሸት የለበትም።

«ኮምፕሬሰሩስ?» አለ ባሌ።

«መልሱት።»

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ፊቱን አጨማደደ። «ሲነሳ ሰነፍ ሆነ እንዴ?»

ዋርሳዬ ከጎናችን እየነዳ በመስኮት ጮኸ። «አላልኩህም? ሽማግሌ ምን ያውቃል! መድኃኒቱ ቱርቦ ነው! ነገ ጠዋት ሰውየው ይመጣል!»

ሌሊቱን ጠረጴዛው ላይ ብተኛ ይሻል ነበር። አልጋ ላይም አልተኛሁም።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ ሸራ ሰፊው ሦስት ጠንካራ ሰዎች ይዞ ደረሰ። ቱርቦውን በፎጣ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ፎጣውን አስቀምጦ መዳፉን ጠረጴዛዬ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሳለፈ።

«ይሄማ ድንቅ ነው» አለ። «አንሱ።»

«ቆይ!» አልኩ። «መስታወቱ ጠረጴዛውን ተደግፏል። እሱ ሳይወጣ ማንም አይነካውም። ትምህርት ቤት አድርሰን እንመጣለን። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሃያ አራቱን በቡሽ እየለየሁ ፒካፓችን ላይ ጫንኩ፣ በገመድ ጠፈርኩ።

«ለኔም ጫኚልኝ እንጂ እትዬ» አለ ዋርሳዬ። «የኔ መኪና ላይ ሃያ አራት ምን አላት?»

«እግዜር ይስጥህ። የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት አራት መስታወት አለ። አደራ።»

ከጥራጊ ጥጉ አራት አወጣሁ። አንዱ ተጭሯል፣ አንዱ አረፋ አለበት፣ ሁለቱ ሲቆረጡ ተንሻፈዋል። ሁሉም ላይ በጠመኔ ኤክስ አለ። ኤክስ ማለት የማይረባ ማለት ነው፣ ባሌ ያውቃል። ስጭን አየኝ። ኤክሱን አየ። እኔን አየ። መሪውን ያዘ።

ዳገቱ ስር ስንደርስ ዋርሳዬ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈን። ጭሱ መስኮታችንን አጠቆረው። ባሌ ጥርሱን ነክሷል።

«እርገጠው» አልኩ።

ዞሮ አየኝ። በትዳራችን ውስጥ ይህን ቃል ከኔ ሰምቶ አያውቅም። «ምን?»

«ዳገት ነው። መንገዱን እያየህ እርገጠው።»

ረገጠው። መኪናው አንዴ ያሰበ መሰለ። ከዚያ ሳበ። አልዘለለም። ከኋላ ትልቅ መዳፍ እንደሚገፋው ሆኖ ወጣ። ማክሰኞ የቆምንበትን ቦታ አለፍን። አንድ ጉድጓድ ላይ ባሌ እግሩን አነሳ፣ መኪናው ዝግ አለ፣ ጉድጓዱን ወርዶ ወጣ። በጎኔ ባለው የመኪናው መስታወት ወደ ኋላ አየሁ። ሃያ አራቱ እንደ ሰልፈኛ ቆመዋል።

«ኧረ ይሄ ጉድ...» አለ ባሌ። «ይሄ መኪና የኛ ነው?»

ላይ ስንደርስ ዋርሳዬ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። «የት ነበራችሁ? ሻይ ጠጥቼ ጨረስኩ!»

ርዕሰ መምህርቷ ቁልፍ በእጇ እያንሿሿች መጣች። መጀመሪያ የሱን መኪና ጭነት ጎንበስ ብላ አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መስታወት ነው፣ እመቤቴ።»

«መቼ ነው መስታወት የነበረው?» አለች።

ዋርሳዬ ዞሮ አየ። አራቱም ደቀዋል።

«አሸዋ መስሎኝ እኮ ነው። ለማንኛውም እዚያ ጋ አራግፈው፣ ልጆች እንዳይረግጡት።» ወደኛ መጣች፣ በጣቷ ቆጠረች። ሃያ አራት። «እነዚህስ ከየት መጡ?»

«ከዚሁ ዳገት» አለ ባሌ።

መስታወቱን አወረድን። ባሌ በሁለቱ መኪኖች መሃል ቆመ። የወንድሙ ማርሚታ እየቀዘቀዘ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ጭነቱ ላይ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። የኛን ኮፈን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«በቃ» አለ። ለማን እንዳለ አላውቅም።

ሱቅ ስንደርስ ሸራ ሰፊውና ሰዎቹ ተነሱ።

«ጠረጴዛው አይሄድም» አለ ባሌ።

«እንዴት አይሄድም? ቃል ተገብቷል! ቱርቦውን ፈትቼ!»

«ቃል የገባልህ ማነው? የደወለልህ?»

ሸራ ሰፊው በጣቱ ዋርሳዬን አሳየ።

«እንግዲህ እሱን ጠይቀው። ቱርቦ ይወዳል። ጠረጴዛም አለው፣ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ የምግብ ጠረጴዛ። ልሙጥ ነው።»

«ሚስቴ ትገድለኛለች!» አለ ዋርሳዬ።

«ወንድሜ» አለ ባሌ፣ «ቃል ቃል ነው።»

ሦስቱ ጠንካራ ሰዎች ሥራ ፈተው ስለዋሉ ወዲያው ተከተሉት። ዛሬ የዋርሳዬ ቤተሰብ ምሳውን ጉልበቱ ላይ ይበላል። አንድ ቱርቦ መኪናው ላይ አለ፣ ሁለተኛው ሳሎን ተቀምጧል። ሚስቱ አበባ ሰክታበታለች።

እሑድ ባሌ ልብስ አጠበ። ቤታችን ውስጥ የሚያጥበው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ነጭ ሸሚዙን ከቀይ ጋር አጥቤለት ገላገለኝ። ሽርጤንም አጠበው። ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሳየው ኪሱ ውስጥ የነበሩት ቡሾች ትዝ አላሉኝም።

ሰኞ የጆሮን የሽንት ቤት መስኮት ቆረጥኩ። ቸኩዬ ነበር። ጭረቱ ሳያልቅ ተጫንኩት፣ መስታወቱ ለሁለት ተከፈለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። አየ። እያፏጨ ወጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ወደ ግራ ወረደ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ወረደ። ገለበጥኩት። በአንዱ እግር ስር ቡሽ ተለጥፏል። ጥጉ ቀጥ ብሎ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ፣ ልክ እኔ እንዳስተማርኩት።

የሽርጤን ኪስ ዳበስኩ። ባዶ ነው።

ወጣሁ። ባሌ የፒካፑን ወለል ይጠርጋል። ምንጣፉ ውጭ ተሰጥቷል። ወገቤን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ቀና አላለም።

«ስድስት ቡሽ ቀርቶኛል» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ ብዬ ነው የምቆርጠው። ለሚጠይቀኝ ሰው መስታወት ስለተወደደ ነው እላለሁ።